ቤት እየታደሰ ድመትዎ ከተረበሸች፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ደሴ ላይ ቤት የሚታደሰው አብዛኛውን ጊዜ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። የጭቃው ግድግዳ ይፈርሳል ወይም በሲሚንቶ ይለሰናል፣ ያረጀው አቡጀዲ ወርዶ ቺፕውድ ኮርኒስ ይመታል፣ ወለሉ ሴራሚክ ይለብሳል። ድመት ደግሞ ቤቷን ከሁሉ በላይ የምታውቀው በጠረኑ ነው፤ ጉንጯን እያሻሸች በየበሩ መቃንና በየግድግዳው ጥግ የተወችው ጠረን ከአሮጌው ልስን ጋር በአንድ ቀን ተፍቆ ይወጣል። በዚያ ላይ ጩኸቱ አለ። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ሲሰማ የድመት ጆሮ እስከ 64,000 ኸርዝ ገደማ ይደርሳል፤ ግራይንደር ሴራሚክ ሲቆርጥ እኛ ጆሯችን የማይደርስበትን ፉጨት ጭምር እሷ ትሰማለች።

ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የዐመል ችግር አይደሉም፤ ቁጣም ዱላም አይፈታቸውም። የሚፈታቸው ሥራው እስኪያልቅ ማንም የማይነካው አንድ ክፍል ነው። እሱ ከሌለ የቀረው ምክር ሁሉ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

መዶሻ ከመነሳቱ በፊት

ጓሮ ሰርቪስ ቤት ካለ እሱን ይምረጡ፤ ከሌለ መጨረሻ ላይ የሚታደሰውን ክፍል። ድመቷ ሥራው ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድማ ትግባበት፤ ግቢው ሲናወጥ ክፍሉን ለምዳው መገኘት አለባት። የሚያስፈልጉት አንድ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ደረቅ አሸዋ ያለበት፣ ከሳፋው ራቅ ባለው ጥግ የምግብና የውሃ ሳህን፣ በአንድ ጎኑ መግቢያ የተቀደደለት ካርቶን እና የቤቱ ሰው የለበሰው ጋቢ ወይም ነጠላ ናቸው። ጋቢው አይታጠብ፤ የሚፈለገው ጠረኑ ነው። ከዚያ መብራት ይዘው ክፍተት ይፈልጉ፦ የበር ሥር፣ ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚገናኙበት፣ የኮርኒሱ ቀዳዳ። ጭንቅላቷ ካለፈ ገላዋም ያልፋል።

ቁልፉ አንድ ሰው ጋር ይሁን። ለግንበኛውም ለቀን ሠራተኛውም ጠዋት ሥራ ሳይጀምሩ "ወንድሞቼ፣ ይህቺ በር አትከፈት፤ ድመት አለች" ብሎ መንገር በር ላይ ወረቀት ከመለጠፍ ይሻላል። የቀን ሠራተኛ ስለሚቀያየር ግን ሁለቱንም ያድርጉ።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ሌሊቱ ይበርዳል። ይሙቃት ብሎ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ማስገባት ድመቷን በካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። ለእጅ በሚቻል ሙቅ ውሃ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው ካርቶኑ ውስጥ ያስቀምጡ። ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ክፍል ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ይጋላል። በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ መስኮት ይተዉላት፣ ሁለተኛ የውሃ ሳህንም ይጨምሩ።

ተደብቃ አልወጣ ካለች

መደበቅ ራሱ መድኃኒቷ ነው፤ ያልተደበቀች ፈሪ ድመት ይበልጥ ትጨነቃለች። ከአልጋ ሥር ጎትቶ ማውጣት ያለፈውን ቀን ድካም ሁሉ ያጠፋል፣ ቀጥሎም ጠባብና አደገኛ ቦታ ታስመርጣለች፤ ለምሳሌ ከኮርኒሱ በላይ። ካርቶኑን እሷ ወዳለችበት ያስጠጉ እንጂ እሷን ወደ ካርቶኑ አይውሰዱ። ሠራተኛው 11 ሰዓት ላይ ሲወጣ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፣ ምግብ ይዘው ይግቡ፣ ወለል ላይ ይቀመጡ፣ አያፍጥጡባት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ከሆነ ብዙዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማታ ማታ መውጣት ይጀምራሉ። ሌሊት የምትበላ፣ የምትጠጣና ሳፋዋን የምትጠቀም ከሆነ ቀን መደበቋ አያሳስብ።

ምግብ ከተወች

እዚህ ላይ ሰዓት ይቆጠራል። አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልበላች ሐኪም ያማክሩ፤ ሁለት ቀን ከሞላት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ የገላዋ ስብ ወደ ጉበት እየሄደ ጉበቷን ሊያውከው ይችላል። "ሲርባት ትበላለች" የሚለው አባባል ለድመት አይሠራም።

መንስኤው ከፍርሃት ሌላ የምግቡ መቀየር ሊሆን ይችላል። ማድ ቤቱ ሲዘጋ ቤተሰቡ ከውጭ ያስመጣል፣ ለድመቷም የጥብስና የወጥ ትራፊ ይደርሳታል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፤ ተቀቅለውም ቢሆን ያው ናቸው። ከሐይቅ የሚመጣውን ዓሣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ቀቅለው፣ እሾሁን ለቅመው፣ ለብ እንዳለ ይስጧት፤ ሙቀቱ ሽታውን ያወጣዋል፣ አቧራ አፍንጫዋን የደፈናት ድመት ደግሞ ያላሸተተችውን አትበላም። ወተት ለብዙ አዋቂ ድመቶች ተቅማጥ ነው። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ፈሳሽ ያስፈልጋታል፣ የምግቡ እርጥበት ተቆጥሮ፤ ስለዚህ የዓሣው መረቅ አይደፋ።

ከሳፋው ውጭ ከሸናች

ግቢው ውስጥ ለልስን የተራገፈ የአሸዋ ክምር ካለ መልሱ እዚያ ነው። ለድመት ከዚያ የተመቸ መጸዳጃ የለም። ክምሩን ማታ ማታ በሸራ ሸፍነው ዳሩን በድንጋይ ይጫኑት፤ ከዚያው ንጹሕ አሸዋ ወስደው ሳፋውን ይሙሉ። ሲሚንቶ ከሚቦካበት አጠገብ ግን አይውሰዱ፤ የተረጨ ሲሚንቶ በሽንት ሲርስ መዳፏን ያቃጥላል። አመድም ሲርስ እንደዚሁ ነው። የቺፕውድ ብናኝ ሙጫ ስላለበት ይቅር።

ሳፋው ራሱ የሚሠራበት ግድግዳ ሥር ከተቀመጠ ድሪሉ የሚንቀጠቀጠው እሷ በተቀመጠችበት ሰዓት ነው፤ አንድ ጊዜ የደነገጠችበት ሳፋ ድጋሚ አትገባበትም። ቦታውን ይቀይሩ፣ ሁለተኛ ሳፋም ይጨምሩ፤ በደንቡ ከድመቶቹ ቁጥር አንድ የበለጠ ሳፋ ያስፈልጋል። የሸናችበትን ቦታ በቀዝቃዛ ውሃና በዱቄት ሳሙና፣ ቀጥሎ በኮምጣጤ ያጽዱ። በረኪና አይጠቀሙ፤ ከሽንት ጋር ሲገናኝ ለእርስዎም ለእሷም ጎጂ ጋዝ ይወጣዋል።

ወንድ ድመት ሳፋው ላይ ደጋግሞ ቁጭ እያለ፣ እያቃሰተ፣ ጠብታ ብቻ የሚወጣው ወይም ጨርሶ የማይወጣው ከሆነ ጉዳዩ የአሸዋ አይደለም። ጭንቀት የሽንት ቧንቧውን ሊያስቆጣና ሊያዘጋው ይችላል፤ አንድ ሁለት ቀን ከቆየ ሊሞት ይችላል። በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋር ይውሰዱት።

ካስነጠሳት፣ ዐይኗ ካለቀሰ

ግድግዳ ሲፈርስና ሴራሚክ ሲቆረጥ አቧራው በበር ሥር ይገባል። እርጥብ ጨርቅ ከበሩ ሥር ጠቅጥቀው በየሁለት ሰዓቱ ያርሱት፤ ግንበኛውም ከማፍረሱ በፊት ግድግዳውን ውሃ ይርጭበት። ዘይት ቀለም፣ አንቲረስትና ተነር የተነካ ክፍል ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ድመት አይገባበትም።

ተኝታ ሳለች ትንፋሿን፣ ማለትም ደረቷ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል፣ ለ15 ሴኮንድ ቆጥረው በ4 ያባዙ። በደቂቃ ከ20 እስከ 30 ጤና ነው። በእረፍት ላይ ከ40 ካለፈ ወይም አፏን ከፍታ ከተነፈሰች እስከ ነገ አይባልም።

መዳፏን ደጋግማ ከላሰች

እርጥብ ሲሚንቶ ረግጣ ይሆናል። በብዙ ለብ ያለ ውሃ እስከ 15 ደቂቃ ይጠቡ። ደረቅ ኖራ ከሆነ ግን ቀድመው በደረቅ ጨርቅ ያራግፉት፣ ውሃው ከዚያ በኋላ ነው። ዘይት ቀለም ፀጉሯ ላይ ከደረቀ ፀጉሩን ይቁረጡት፤ ካልደረቀ በምግብ ዘይት አሽተው በለስላሳ ሳሙና ያጥቡ። ተነርና ነጭ ጋዝ ገላዋ ላይ አይፈሱም፤ በቆዳዋም በምላሷም ይገባሉ። እስኪጠራ ድረስ በጨርቅ ጠቅልለው ይያዟት፣ እንዳትልስ።

ካንቀጠቀጣት፣ ለሃጭ ከበዛባት፣ ከተንገዳገደች

በእድሳት ወቅት ድመት ሊገድል የሚችል አንዱ ነገር የአይጥ መርዝ ነው፤ ጥፋቱም ከጩኸቱ ጋር አይገናኝም። ያረጀ የጭቃ ግድግዳ ሲፈርስ ውስጡ የኖሩት አይጦች ወደ ጓዳና ወደ ጎረቤት ይሸሻሉ። ያን ጊዜ አንዱ ከገበያ የአይጥ መርዝ ገዝቶ ይበትናል፣ ድመቷም የተመረዘችውን አይጥ ትበላለች። ጥቁር ግራጫ የሆነው ዱቄት ዚንክ ፎስፋይድ ሊሆን ይችላል፤ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይሠራል። ለዚህ ነው "ወተት ስጧት" የሚለው የተለመደ ምክር የሚጎዳት፤ ምግብና ወተት ጨጓራዋ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋል፣ ጋዙም ይበዛል። አፏ ውስጥ ምንም አይጨምሩ፣ እንድታስመልስ አያስገድዷት። ካስመለሰች መስኮት ይክፈቱ፣ ትውከቱን አያሽቱ፤ ጋዙ ሰውንም ይጎዳል። የመርዙን ማሸጊያ ይዘው ወዲያው ይሂዱ።

ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት የአይጥ መርዞች ሌላ ጠባይ አላቸው፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ምንም ሳያሳዩ ቆይተው ድድ መድማት፣ የድድ መንጣት፣ የትንፋሽ ማጠር ያመጣሉ። እነዚህን ሐኪም በቫይታሚን ኬ1 ያክማል፤ በጊዜ ከተደረሰ ትድናለች። ሥራው ሳይጀመር ጎረቤቶችን "ቤት ልናፈርስ ነውና አይጥ ይመጣባችኋል፤ እባካችሁ መርዝ ሳይሆን ወጥመድ አድርጉ" ብሎ መለመን፣ ወጥመዱንም ገዝቶ መስጠት ከሁሉ የረከሰ መከላከያ ነው። ያመማት ሲመስል ፓራሲታሞል መስጠትም መርዝ ነው፤ አንዲት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ ልትገድላት ትችላለች።

የደሴ የእንስሳት ሕክምና በከብትና በበግ ላይ ያተኮረ ስለሆነ ሳይቸግርዎ አስቀድመው ድመት የሚያይ ሐኪም ይጠይቁ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርትም እዚሁ ደሴ ነው። ለማጓጓዝ ሁለት የቲማቲም ፕላስቲክ ሳጥን አፍ ለአፍ ገጥመው በሽቦ ይሰሩ፤ ባጃጅ ውስጥ በነጠላ ይሸፍኑት።

ከቧጨረች ወይም ከነከሰች

ማምለጫ ያጣች ድመት ትነክሳለች። ሠራተኛ ከተነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ ሰውየው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል። ድመቷ ለ10 ቀን ተዘግታ ትታይ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከታመመች ወይም ከሞተች ለጤና ተቋሙ ይነገር። ክትባቷን ከእድሳቱ በፊት ማስጨረስ ይህን ሁሉ ያቀልላል።

ከጠፋች

ፈሪ ድመት ሩቅ አትሄድም፣ ስትጠራም አትመልስም። መጀመሪያ የሚፈተሸው የእርስዎ ግቢ ነው፦ የተደረደረ አጣና ሥር፣ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ክምር ውስጥ፣ ክፍት የተተወ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ያልተዘጋ ሮቶ። አናጢው የመጨረሻውን ቺፕውድ ከመምታቱ በፊት ድመቷ በዐይን መታየት አለባት፤ ኮርኒስ ውስጥ ታሽጋ የምትቀር ድመት አለች። ከዚያ ቀጥሎ ግራና ቀኝ ያሉ ጎረቤቶች ቤት። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ሰፈሩ ሲረጋ፣ ባትሪ ዝቅ አድርገው በየሥሩ ያብሩ፤ ዐይኗ ያንጸባርቃል። ካዩዋት አይሩጡባት፤ ዓሣውን አስቀምጠው ዞር ይበሉ፣ የክፍሏን በር ገርበብ አድርገው ይተዉላት።

ወደ አዲሱ ቤት ስትመለስ

በአንድ ቀን አይሁን። በለስላሳ ጨርቅ ጉንጯን አሽተው ጨርቁን በአዲሱ በር መቃን፣ በሶፋው እግርና በግድግዳው ጥግ ከወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ያሹት፣ ለጥቂት ቀናት ይደጋግሙት። ከዚያ አንድ ክፍል ብቻ ይከፈትላት፤ እዚያ ተዘርግታ ከተኛች ሁለተኛው ይከተል። ሳፋውና ካርቶኑ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ቢያንስ ሌላ ሁለት ሳምንት ይቆዩ።