ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለተኛ ሰው ሰዓት ውሰዱለት

ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው ድንገት ቀንና ሌሊት ሊምታታበት፣ የሌለ ሰው ሊታየው፣ የተተከለለትን ግሉኮስ ሊነቅል ይችላል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ይሉታል። ሌሊትም የማይጠፋ መብራትና የማሽን ጩኸት ያባብሱታል።

ነርሷን አስፈቅዳችሁ ቁጥሩ ትልልቅ የሆነ የግድግዳ ሰዓት ከአልጋው ፊት ለፊት ስቀሉ። በሐበሻ አቆጣጠር ሙሉት፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 9 የሚል ሰዓት ጤነኛም ያደናግራል። ከሥሩ በወፍራም እስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ለጥፉ፦ «እማዬ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሆስፒታል ነሽ። ማታ እንመጣለን።» ወረቀቱን በየቀኑ ቀይሩ። የታማሚዋን መነጽር አትርሱ፤ ያለሱ ሁሉም ከንቱ ነው።

ጠዋት መጋረጃው ይከፈት፣ ማታ መብራቱ ይቀነስ፤ አእምሮ ቀንና ሌሊትን የሚለየው በዋናነት በብርሃን ነው። ሰበታ በኩል ከሆናችሁና መስኮቱ የወጨጫን ተራራ የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ አልጋው ወደዚያ ይዙርላት። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣ የሮጀር ኡልሪክ ጥናት፣ ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ በመስኮት ዛፍ የሚያዩ ሕሙማን የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል እንደወጡ አሳይቷል።

መቀባዠሩ ገና ሲጀምር ግን ቀድማችሁ ሰዓት ፍለጋ አትውጡ። ኢንፌክሽን ወይም የኦክስጅን ማነስ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ለነርሷ ንገሩ።