የትምህርት ቤት ጓሮ አትክልት ችግሮች፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤውና ወደ መፍትሄው

በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ከልጆች ጋር ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሰላጣ የሚያለማ መምህር መደቡ ሲበላሽበት ቀድሞ የሚጠረጥረው ዘሩን ወይም አፈሩን ነው። ጥርጣሬው ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይሁን እንጂ በትምህርት ቤት ጓሮ አትክልቱን በብዛት የሚጎዳው ትምህርት ቤቱ የሚመራበት የጊዜ ሰሌዳና ልማድ በመሆኑ፣ ቅጠሉ ከመመርመሩ በፊት ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሠራ መጠየቅ ይበጃል።

ዘሩ ተዘርቶ አልበቀለም

የካሮት ዘር ለመብቀል ከ10 እስከ 20 ቀን ስለሚፈጅበት፣ በሳምንቱ አፈሩን እየጫሩ የሚያዩ ልጆች ሊበቅል የተቃረበውን ዘር ራሳቸው ያጠፉታል። ከካሮቱ ጎን በሳምንት ውስጥ ብቅ የሚል ጎመን ወይም ሰላጣ ቢዘራ ዓይናቸው ወደዚያ ስለሚያርፍ ካሮቱ ፋታ ያገኛል።

ቀኑ አልፎም መደቡ ባዶ ከሆነ የመደቡን ዝቅተኛ ጠርዝ ማየት ያስፈልጋል። ቡቃያው እዚያ ተጠራቅሞ ከተገኘ ዘሩን የወሰደው ከጆግ ወይም ከባልዲ በአንድ ጊዜ የተደፋው ውኃ ነው። ክዳኑ በምስማር የተበሳሳ ሃይላንድ ለልጆች እጅ የሚመች ማጠጫ ይሆናል፤ መደቡም ዘሩ እስኪበቅል ድረስ በስሱ ገለባ ቢሸፈን ጥሩ ነው፤ ሲበቅል ግን ገለባው በዚያው ቀን መነሣት አለበት። በጠርዙም ምንም ካልታየ ልጆቹ ዘሩን በጣታቸው አጥልቀው ቀብረውት ሊሆን ይችላል፤ ለካሮትና ለሰላጣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ አፈር ይበቃል።

የቀረው ጥርጣሬ የዘሩ ዕድሜ ነው። በተለይ የሽንኩርት ዘር አንድ ዓመት ካለፈው የመብቀል አቅሙ በጣም ስለሚቀንስ፣ ከመዘራቱ በፊት 10 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ክፍል ውስጥ ማቆየትና በ10 ቀን ውስጥ ስንቱ እንደበቀለ ማስቆጠር ይገባል፤ ከ5 በታች ከሆነ ሌላ ዘር ይፈለጋል። ይህ ሙከራ የሳይንስም የሒሳብም ትምህርት ስለሚሆን፣ ዘሩ ጥሩ መሆኑ የታወቀ ቢሆንም እንኳ መደረጉ አይከፋም።

ቡቃያው ወደቀ

ሁለት ዓይነት አወዳደቅ አለ። ቡቃያው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖና ቡናማ ሆኖ ከተጋደመ በሻጋታ የሚመጣ የችግኝ በሽታ ነው፤ መንስኤው ተጠጋግቶ መዘራት፣ ጥቅጥቅ ያለ ዳስና ማታ ማታ የሚጠጣ ውኃ ነው። ቡቃያውን እየነቀሉ ማራራቅ፣ ዳሱን ማሳሳትና ውኃውን ወደ ጠዋት ማዛወር የቀረውን ያድናል። በሌላ በኩል ቡቃያው ጤነኛ ሆኖ ሳለ በመቀስ የተቆረጠ መስሎ ከተገኘ ሌሊት የሚወጣ ቆራጭ ትል አለ ማለት ነው። ልጆች ጠዋት በተቆረጠው ችግኝ ዙሪያ ጣት የሚያህል ቆፍረው ቢፈልጉ የተጠቀለለውን ግራጫ ትል ያገኙታል፤ ከሃይላንድ ተቆርጦ በችግኙ ዙሪያ የሚተከል ቀለበትም ትሉን ይከለክላል።

መደቡ ሰኞ ጠዋት ጠውልጎ ይገኛል፤ ቲማቲሙም ከታች ይጠቁራል

እነዚህ ሁለት ምልክቶች የተለያዩ ቢመስሉም መንስኤያቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። መደቡ ቅዳሜና እሑድ ውኃ ሳያገኝ ይሰነብትና ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ሁሉ ተረባርቦ ያጥለቀልቀዋል። እንዲህ በሚዋዥቅ እርጥበት የቲማቲሙ ሥር ካልሲየም ወደ ፍሬው በአግባቡ ማድረስ ስለማይችል የፍሬው መቀመጫ ጠቁሮ ይጎደጉዳል፤ ጥቅል ጎመንና ካሮትም በድንገተኛው ውኃ ይሰነጠቃሉ። ችግሩ የሚተላለፍ በሽታ ስላልሆነ መድኃኒት መርጨት ገንዘብ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም።

መፍትሄው ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚጀምር ነው። ውኃው አንድ ስንዝር ያህል እስኪሠርግ ድረስ በዝግታ መጠጣት አለበት፤ መሥረጉም እንጨት ወግቶ በማውጣት ይታያል። ከዚያ መደቡን በደረቅ ሣር ወይም በጤፍ ጭድ መጎዝጎዝ እርጥበቱን ያቆያል። ቲማቲም ባለበት መደብ መካከል አፉ ብቻ እንዲታይ ሆኖ የተቀበረ እንስራ ውኃውን በገላው እያዣ ሁለቱን ቀን ያሻግራል፤ ለዚህ ሥራ አፉ የተሸረፈ አሮጌ እንስራ ይበቃል፤ ልጆች እንዳይሰናከሉበትና ትንኝ እንዳይፈለፈልበት ግን መከደን ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ከወላጆች ጋር አስቀድሞ መነጋገር የሚጠይቅ ጉዳይ አለ። በገጠሩ ጎጃም በርካታ ቤተሰቦች ከሰንበት ሌላ በየወሩ በ12፣ በ21 እና በ29 መሬት አይቆፍሩም፤ ልጆቻቸውም ዶማ እንዲያነሡ አይፈቅዱም። ተክሎ ማዛወርና መኮትኮት ከእነዚህ ቀናት ቢርቅ መምህሩ ከማይረባ ክርክር ይድናል።

የሚጠወልገው የመደቡ አንድ ወገን ብቻ ከሆነና ይህም በሳምንቱ መካከል ጭምር ከታየ፣ በዚያ ወገን ባሕር ዛፍ ወይም ዲከረንስ (ለከሰል የሚተከለው የግራር ዓይነት) መኖሩን ማየት ነው። በመካከል ጉድጓድ ቆፍሮ ሥሩን መቁረጥ ለጊዜው ያግዛል፤ ሥሩ ግን ተመልሶ ይመጣልና የሚሻለው መደቡን ማራቅ ነው።

አትክልቱ ቀጭጮ ቀረ፤ ቅጠሉም ወይን ጠጅ መሰለ

በአዊ፣ በምዕራብ ጎጃምና በምሥራቅ ጎጃም ከፍተኛ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በባንጃ፣ በማቻከልና በጎዛምን፣ ቀዩ አፈር በብዙ ዝናብ ታጥቦ አሲዳማ ሆኗል። የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ያደነዝዛል፤ ፎስፈረሱም ተይዞ ስለሚቀር የታችኞቹ የጎመን ቅጠሎች ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይቀየራሉ። ቀይ ሥር ቅጠሉ በተፈጥሮው ቀላ ያለ በመሆኑ ለዚህ ምርመራ አይመችም፤ እርሱ የሚናገረው ባለመወፈሩ ነው። ድንች አምሮበት አጠገቡ ያለው ቀይ ሥር፣ ቆስጣና ሽንኩርት ከቀጨጨ ጥርጣሬው ይጠናከራል፤ ምክንያቱም ድንች አሲዳማነትን ከእነርሱ ይልቅ ይችላል። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድም ቅጠልን ሊያቀላ ስለሚችል አፈሩን በግብርና ባለሙያ ማስመርመር አስተማማኝ ነው።

ለትንሽ መደብ ዋናው መድኃኒት በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ነው። ልጆች ከየቤታቸው የሚያመጡት የማገዶ አመድም በካሬ ሜትር አንድ ሁለት እፍኝ ያህል፣ ከተከላው ሁለት ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር ቢቀላቀል ይረዳል። አመድ ከዩሪያ ወይም ከእርጥብ ፍግ ጋር በአንድ ጊዜ ሲደረግ ናይትሮጅኑ በጋዝ መልክ ይተናል፤ በድንች መደብም ቅርፊቱን ሊያሻክረው ይችላል። ኖራ የሚያስፈልግ ከሆነ ለእርሻ የተፈጨውን ከግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል፤ ለግንባታ የሚውለው ኖራ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል በልጆች እጅ ሊገባ አይገባም።

ደጀንና ብቸና አካባቢ ባለው ጥቁር አፈር የሚታየው ቢጫነት ግን ሌላ ነው፤ ውኃ ተኝቶበት ሥሩ ሲታፈን የሚመጣ ስለሆነ መደቡን ከፍ ማድረግና ቦይ ማውጣት ይፈውሰዋል።

ካሮቱ ተቆላለፈ፤ ቲማቲሙ አበባውን አራገፈ

ካሮት መንታ የሚሆነው ድንጋይ ሲገጥመው፣ ያልበሰለ ፍግ ሲያገኝ ወይም ከችግኝ መደብ ሲዛወር ነው፤ በሚያድርበት ቦታ ይዘራና ጣት ያህል እየተራራቀ ይሣሣ። ቲማቲም ደግሞ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲሆን ፍሬ መቋጠር ይሳነዋል። ስለዚህ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ባለችው ፍኖተ ሰላም የሚሳካው ተከላ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ በሚገኙት በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ በኅዳርና በታኅሣሥ ቢከሽፍ አያስደንቅም። እዚያ ቆስጣ፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ይመረጡ።

ቅጠሉ ተጣበቀ፤ ቅማል ወረረው

ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ቀላቅሎ የቅጠሉን ጀርባ ማታ ማታ ማጠብ ይበቃል። ነጠብጣብ ያለባት ቀይ ጥንዚዛ ቅማል ስለምትበላ ልጆች እንዳይገድሏት ይነገራቸው። ልጆች በሚሠሩበትና ያመረቱትን በሚበሉበት ጓሮ ፀረ ተባይ መድኃኒት ሊገባ አይገባም።

ከአረሙ ጋር አትክልቱ ተነቀለ

ይህን የሚያመጣው ተባይ የለም። በብዙ ትምህርት ቤት አረም የሚያርሙት ያረፈዱና ያጠፉ ተማሪዎች ናቸው፤ የዘሩት ግን ሌሎች ናቸው። ቡቃያውን የማያውቅና በንዴት የሚሠራ ልጅ ካሮትን ከአረም አይለይም፤ ቢለይም አይራራለትም። ጓሮውን የቅጣት ቦታ ማድረግ ጨርሶ መቅረት ያለበት ይመስለኛል። እያንዳንዱ መደብ ለአምስት ወይም ለስድስት ልጆች ተሰጥቶ ከዘር እስከ ምርት የእነርሱ ብቻ ሲሆን መነቀሉ ይቀንሳል፤ ስፋቱም ከ80 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ እጃቸው ከዳር ሆኖ መሃሉን ስለሚደርስበት መደቡን አይረግጡትም።

ከብት ገባ፤ ክረምቱም ጓሮውን ዋጠው

መኸሩ ተሰብስቦ ልቅ ግጦሽ ሲጀመር በአካባቢው የሚታየው ብቸኛው ለምለም ነገር የትምህርት ቤቱ ጎመን ነው፤ ይህ ጊዜ ከመድረሱ በፊት የቅንጭብ አጥሩ መጠናከር አለበት። በጥቅምት የተዘራ ሰላጣና ቆስጣ በሁለት ወር ገደማ ስለሚደርስ፣ ካሮትም በሦስት ወር፣ ልጆቹ ከመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት በፊት ይበሉታል።

ሐምሌና ነሐሴ ጠባቂ የሌለውን መሬት አረም እንዳይወርሰው ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ግብጦ መዝራት ይቻላል። ግብጦ አሲዳማ አፈር ይችላል፤ መራራ በመሆኑ ከብት አይደፍረውም፤ ሥሩም ናይትሮጅን ያስገባል። መስከረም ላይ ከማፍራቱ በፊት ታጭዶ ከአፈሩ ጋር ይገለበጣል። ፍሬ ካፈራ ግን ሳይቀቀልና በውኃ ተዘፍዝፎ መራራው ሳይወጣ ስለሚጎዳ፣ ቤታቸው የተቆላውን የለመዱ ልጆች ጥሬውን እንዳይቀምሱ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።