ጥንቸላችሁን ተቅማጥ ከያዛት

ጥንቸል የምታሳድጉ ይህን ልብ በሉ። በቅርቡ ጡት የተወች ትንሽ ጥንቸል ሆዷ ተነፍቶ፣ እየከሳች ካስቀመጣት ቀድሞ የሚጠረጠረው ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ነው። ይህ ትል አይደለም። ስለዚህ አይቨርሜክቲን የተባለውን የትል መድኃኒት ገዝታችሁ ብትሰጧት አይነካውም።

ትኩስ ሰገራዋን በንጹህ ዕቃ ይዛችሁ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው የሰልፋ መድኃኒት፣ ቶልትራዙሪል ወይም አምፕሮሊየም ነው። መጠኑን ሐኪሙ በክብደቷ ያስላው፤ ለዶሮ በተጻፈው ልክ አትስጧት። አሞክሳሲሊን በአፍ መስጠትማ ፈጽሞ አይሞከርም! የአንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያ አጥፍቶ ሊገድላት ይችላል።

ከመድኃኒቱ እኩል የሚያድናት ጽዳት ነው። ከሰገራዋ ጋር የሚወጣው የጥገኛው እንቁላል ወዲያው አይበክልም። እርጥበትና ሙቀት አግኝቶ እስኪበስል አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። በየቀኑ ከጠረጋችሁ ትቀድሙታላችሁ። በረኪና አይበግረውም፤ እሷን አውጥታችሁ ቤቷን የፈላ ውሃ ድፉበት፣ ከዚያ ጥሩ አድርጎ ይድረቅ። ድርቆሿንም ሰገራ ከማይነካው ከፍ ያለ ቦታ አድርጉላት።

ግማሽ ቀን ምንም ሳትበላ ከዋለች ግን ለነገ አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ውሰዷት።