ዌብሳይታችሁ ላይ የክፍያ በተን ስትለጥፉ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ባሕር ዳር ውስጥ ሰው በጀልባ ወደ ገዳማቱ የሚያደርሱ፣ የዘጌ ቡና የሚሸጡ፣ ሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ልጆች ዌብሳይት ማሠራት ጀምረዋል። ገብታችሁ ስታዩት ግን ብዙ ጊዜ ስልክ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። «ክፈል» የሚል በተን ልጨምርበት ብሎ የሚነሣ ሰው ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል። ነገሩም ያን ያህል ከባድ አይደለም። ለምሳሌ ቻፓ የሚባለው የኦንላይን ክፍያ ድርጅት ዝግጁ የኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ ኮድ) ፎርም አለው፤ ኮዱን ገልብጣችሁ ገጻችሁ ላይ ትለጥፋላችሁ፣ የራሳችሁን ፐብሊክ ኪ (ክፍያው የእናንተ መሆኑን የሚለየውን፣ ድርጅቱ የሚሰጣችሁን ኮድ) ታስገባላችሁ፣ ደንበኛው በተኑን ሲጫን ወደ ክፍያ ገጹ ይሄድና በቴሌብር ወይም በመረጠው ሌላ መንገድ ይከፍላል። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመጡት በተኑ ከታየ በኋላ «በቃ አለቀ» ሲባል ነው።

ብር የሚያስበላውን ላስቀድም። እንዲህ ዓይነት ፎርም ውስጥ ዋጋው ገጹ ላይ ነው የሚጻፈው። አማውንት ከሚለው አጠገብ 1500 ጻፋችሁ እንበል። ስክሪኑ ላይ ስለማይታይ የተደበቀ ይመስላል፤ አልተደበቀም። ማንም ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ ኢንስፔክት ካለ መስመሯ ፊት ለፊቱ ትመጣለች። 1500ን አጥፍቶ 15 ይጽፍና በተኑን ይጫናል። የክፍያ ገጹም 15 ብር ይጠይቀዋል፣ ይከፍላል፣ «ክፍያዎ ተሳክቷል» ይባላል። እውነትም ተሳክቷል! የእናንተ ዌብሳይት ግን መከፈሉን እንጂ ስንት እንደተከፈለ ካላየ ጀልባውን ያዘጋጅለታል። መፍትሔው ዋጋው ከእናንተ ሰርቨር (ደንበኛው ሊነካው ከማይችለው፣ ዌብሳይታችሁን ከሚያሠራው ኮምፒውተር) እንዲነሣ ማድረግ ነው። ሰርቨር ከሌላችሁና ኮዱን ብቻ ከለጠፋችሁ፣ ቦታ ከመያዛችሁ በፊት የገባውን ብር ከዋጋችሁ ጋር እያንዳንዱን አስተያዩ።

የዚህ ታናሽ ወንድም የሆነው ስህተት «እናመሰግናለን» የሚለውን ገጽ እንደ ደረሰኝ መቁጠር ነው። ደንበኛው ከከፈለ በኋላ የሚመለስበት ገጽ ተራ ሊንክ ነው፤ ሊንኩን ያወቀ ሰው ሳይከፍልም ሊከፍተው ይችላል። የተገላቢጦሹም አለ። ሰውየው ከፍሎ ወደ ገጻችሁ ሳይመለስ ኔትወርክ ይቆረጥበታል፤ ገንዘቡ ገብቷል፣ እናንተ ግን አታውቁም፣ እሱ ደግሞ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ቆሟል። ስለዚህ የሚታመነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሰርቨራችሁ ራሱ የክፍያ ድርጅቱን «ይህ ክፍያ ገብቷል ወይ? ስንት?» ብሎ መጠየቁ፤ ሁለተኛው ዌብሁክ፣ ማለትም ክፍያው ሲያልቅ ድርጅቱ በቀጥታ ወደ ሰርቨራችሁ የሚልከው መልእክት። ዌብሁኩ ሲመጣም ፊርማውን (ከድርጅቱ መምጣቱን የሚያሳየውን ኮድ) አረጋግጡ፣ አለበለዚያ ማንም አስመስሎ ሊልክላችሁ ይችላል። ይህን የሚሠራላችሁ ሰው ከሌለ የክፍያ ድርጅቱን ዳሽቦርድ (ክፍያዎቻችሁ የሚታዩበትን የአካውንታችሁን ገጽ) ከፍታችሁ በክፍያው መለያ ቁጥር ፈልጉ። በስልክ የተላከ ስክሪንሾት ግን ማስረጃ አይደለም። እባካችሁ እንግዳ መቀበያ ላይ ለሚቀመጡት ልጆችም ይህን ንገሯቸው፣ በተን ተሠርቶ እያለ እዚያ በስክሪንሾት የሚሸወድ ብዙ ነው።

ሌላው ኮዱን ከምሳሌው እንዳለ መገልበጥ ነው። ፎርሙ ውስጥ ቲኤክስ ሬፍ የሚባል የክፍያ መለያ አለ፤ ለእያንዳንዱ ክፍያ የተለየ መሆን አለበት። ምሳሌው ላይ ያለውን ካልቀየራችሁ የመጀመሪያው ደንበኛ ይከፍላል፣ ሁለተኛው ስህተት የሚል መልእክት ያገኛል። ይህ ክፉ የሚሆነው ስትሞክሩት ስለሚሠራ ነው። አንዴ ሞከራችሁ፣ ሠራ፣ ሄዳችሁ ተኛችሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው ሁሉ ግን ይመለሳል፣ ደውሎም አይነግራችሁም። ቀኑንና ሰዓቱን ከዘፈቀደ ቁጥር ጋር አያይዞ አዲስ መለያ የሚፈጥር ትንሽ ጃቫስክሪፕት ይበቃል።

ሲክሬት ኪያችሁን፣ ማለትም ሰርቨራችሁ ከክፍያ ድርጅቱ ጋር የሚነጋገርበትን ሚስጥራዊ ኮድ፣ ገጹ ላይ እንዳታስቀምጡ። ፐብሊክ ኪ ቢታይ ችግር የለውም፣ ለዚያ ነው የተሠራው። ሲክሬቱ ግን ሰርቨር ላይ ብቻ ነው መኖር ያለበት፤ በጃቫስክሪፕት ውስጥ፣ ለሁሉም ክፍት በሆነ ጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫ ዌብሳይት) ላይ፣ «ቼክ አድርግልኝ» ብላችሁ በላካችሁት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከታየ ወጣ ማለት ነው። ከወጣ በኋላ ማጥፋት አይበቃም። ዳሽቦርድ ገብታችሁ አዲስ አስወጡ፣ አሮጌው ይሰረዝ።

ስለ መለጠፉ ራሱ አጭር ነገር፦ ኮድ በዎርድ ወይም በቴሌግራም በኩል ሲያልፍ ቀጥ ያለው የጥቅስ ምልክት ወደ ጠማማው ሊቀየር ይችላል፣ በተኑም ዝም ይላል። ዎርድፕረስ ላይ ደግሞ ኮዱ የሚገባው ከስተም ኤችቲኤምኤል በሚባለው ብሎክ ውስጥ ነው፤ ተራው የጽሑፍ ቦታ ላይ ከለጠፋችሁት ኮዱ ራሱ እንደ ጽሑፍ ይታያል።

የውጭ እንግዳ የምታስተናግዱ ደግሞ የፔይፓል በተን ለመለጠፍ አትድከሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ በተከፈተ የፔይፓል አካውንት መክፈል እንጂ መቀበል አይቻልም። ሌላው የውጭ የክፍያ ድርጅት ስትራይፕም ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ድርጅት አካውንት አይከፍትም። ውጭ ባለ ዘመድ ስም የሚደረገውን አልመክርም፤ አንድ ቀን አካውንቱ ቢታገድ ገንዘቡ በእናንተ ስም ስላልሆነ የምትጠይቁበት መብት የላችሁም። ዋጋ በብርም በዶላርም የምትጽፉ ከሆነ ሁለቱን በእጅ ጽፋችሁ አትርሷቸው። ምንዛሪው በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያኔ የተጻፈ ዋጋ ዛሬ ትርጉም የለውም።

ከበተኑ አጠገብ ያለው ጽሑፍ የሚረሳ ነገር ነው፣ እኔ ግን ከኮዱ እኩል ነው የማየው። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚያው። ይህን ሳትጽፉ ሴት እንግዳ ከፍላ ብትመጣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ከመክፈሏ በፊት ብታውቅ ኖሮ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ትመርጥ ነበር። ሰዓትም እንዲሁ ነው። «መነሻ 2 ሰዓት» ብላችሁ ከተዋችሁት ፈረንጁ ከምሳ በኋላ ይመጣል፤ በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት 8 መሆኑን አብራችሁ ጻፉለት። ሐይቁ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ጉዞ ሊቀር ይችላል። ያኔ ብሩ ይመለሳል ወይስ ቀኑ ይቀየራል? መልሱ ሰው ከመክፈሉ በፊት የሚያየው ቦታ ላይ ይሁን።

በመጨረሻ ድርጅቱ ለመሞከሪያ የሚሰጠውን ኪ በእውነተኛው መቀየር እንዳትረሱ። በሙከራ ኪ ሁሉም ነገር የሠራ ይመስላል፣ ብር ግን አይንቀሳቀስም። ከቀየራችሁ በኋላ ዋይፋይ አጥፍታችሁ በስልካችሁ ዳታ ትንሽ ብር ራሳችሁ ክፈሉ፣ ዳሽቦርዱ ላይ መታየቱን እዩ፣ ከዚያም ባንክ ሒሳባችሁ እስኪገባ ተከታተሉት። ከዚያ በኋላ ሊንኩን ለሰው ላኩ።