ለውስጥ ግድግዳ ነጭ ቀለም እንዴት ይመረጣል? (ለደብረ ብርሃንና አካባቢው)

ቀለም መሸጫ ገብተው «ነጭ» ብቻ ካሉ ባለሱቁ ከፊቱ ያለውን ጋሎን ያነሳልዎታል። ውስጡ ያለው ግን ወደ ሰማያዊ፣ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ግራጫ የሚያደላ ነጭ ሊሆን ይችላል። ይህ በትንሿ የናሙና ወረቀት ላይ አይታወቅም፤ አራቱም ግድግዳ ሲቀባ ነው ቁልጭ ብሎ የሚወጣው።

መጀመሪያ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ ይለዩ። ደብረ ብርሃን ላይ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ በሰሜን፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ወደ ደቡብ የሚያይ ክፍል በጋውን ሙሉ ፀሐይ ስለሚገባው ንጹሕ ነጭ ያምርበታል። ወደ ሰሜን የሚያየው ግን በበጋ የሚያገኘው ሰማያዊውን የሰማይ ብርሃን ብቻ ነው፤ እዚያ ትንሽ ክሬም የነካው ነጭ ይሻላል፤ አለዚያ በዚያ ብርድ ላይ ግድግዳውም ብርድ ብርድ ይላል። ሸዋ ሮቢት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ብርሃኑ ዓይን ስለሚወጋ ግራጫ የነካው ይመረጣል።

ቀጥሎ ሙከራ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ጸጸቱም ከዚሁ ይመጣል። የመረጧቸውን ሁለት ወይም ሦስት ነጮች በትንሽ በትንሹ ይግዙ። ግድግዳው ላይ አይሞክሩ፤ አሮጌው ቀለም ዓይንን ያታልላል። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ላይ ሁለት ጊዜ ቀብተው በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ ቀለምና ደረቅ ቀለም አንድ አይደሉም። ካርቶኑን ግድግዳው ላይ አቁመው (መሬት ላይ አጋድመው አይደለም) ነጭ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አጠገቡ ይያዙ፤ የሚያደላበት ቀለም ያኔ ራሱን ያጋልጣል። ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ማታ አምፖል አብርተው ይዩት። 6500 ኬልቪን የተጻፈበት አምፖል ሰማያዊ የነካውን ነጭ የሆስፒታል ኮሪደር ያስመስለዋል፤ 3000 የሚለው ደግሞ ክሬሙን ቢጫ ያደርገዋል። አምፖል መቀየር ቀለም ከመቀየር ይረክሳል። ግቢው ባሕር ዛፍ ከሆነ ወይም መጋረጃው ቀይ ከሆነ ነጩ ላይ ቀለሙን ይጥላል፤ ካርቶኑን መስኮቱ አጠገብም ያቁሙት።

ካርቶኑ ጽሑፍ ያለበት ቢሆን ጥሩ ነው። ከሁለት ቅብ በኋላም ፊደሉ የሚነበብ ከሆነ ቀለሙ ውስጥ የሚሸፍነው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ አንሶ ኖራ መሰል መሙያው በዝቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ርካሽ ጋሎን አራት ጊዜ ሲቀባ ውድ ይሆናል።

ስቱኮው ወጣ ገባ ካለ የማያብረቀርቅ ይግዙ፤ የሚያብረቀርቀው ጉድለቱን ሁሉ ያሳያል። ለወጥ ቤትና ለኮሪደር ግን የሚታጠብ፣ በመጠኑ የሚያብረቀርቅ ያስፈልጋል። የጭቃ ቤት ከሆነ ፕላስቲክ ቀለም ይቅርብዎ፤ እርጥበቱን አፍኖ ልስኑን ይዞ ይላጣል። ኖራ ይበቃዋል።

መጠኑ፦ 4 በ4 የሆነ፣ ከፍታው 2.8 ሜትር የሆነ ክፍል በርና መስኮቱ ሲቀነስ 41 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ አለው። አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ገደማ አንድ ጊዜ ይቀባል፤ ስለዚህ ለሁለት ቅብ 8.2 ሊትር፣ ከብክነት ጋር 9። ባለ 4 ሊትር ከሆነ ሦስት ጋሎን ይግዙ። የሁሉም የባች ቁጥር (በአንድ ዙር መመረቱን የሚያሳየው፣ ጋሎኑ ላይ ያለው ቁጥር) አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ በትልቅ ባልዲ አንድ ላይ አማስለው ይጀምሩ።

አዲስ የሲሚንቶ ልስን 28 ቀን ሳይሞላው አይቀባ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ውርጭ ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ሩሎ አያንሱ፤ በውኃ የሚቀጥን ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም፤ ሲደርቅም እንደ ጠመኔ እጅ ላይ ይቀራል። የተረፈውን ቀለም አፉ በሚጠብቅ ዕቃ ገልብጠው የቀለሙን ስምና የባች ቁጥሩን ይጻፉበት፤ ለጥገና የሚሆን ሌላ ነጭ አይገኝም።