ዲኤክስ ሐረጎ ላይ ስትጋል፣ ቸርኬዋ ሲንቀጠቀጥ

ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ስትወጡ የሙቀቱ ጌጅ ወደ ቀይ ከተጠጋ፣ ጋራዥ ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት «ጓርኒሲዮን ነው፣ ቴስታታው ይውረድ» የሚል ነው (ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጓርኒሲዮን ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ነው)። አንዳንዴ እውነት ነው። ለስፖርት ተብላ የተሠራች ዲኤክስ ኮሮላ ላይ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የቀድሞው ባለቤት በነካካው ቦታ ነው፦ የወለቀ የፋን ከለላ፣ የተጣለ ቴርሞስታት (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ)፣ ከሌላ መኪና የመጣ ቸርኬ። ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ምን ምን እንደተቀየረ ቁጠሩ።

እዚህ የምናወራው በፈረንጆች 1979 ስለወጣችው፣ ከኋላ ስለምትገፋዋና 4ኬ የሚባለውን 1290 ሲሲ ባለ ካርቡሬተር ሞተር ስለያዘችው ኮሮላ ነው። የሙቀቱ ነገር ግን ለሌላም አሮጌ መኪና ይሠራል።

ከክዳኑ ጀምሩ

ክዳን የሌለው ውሃ ባሕር ጠረፍ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ኮምቦልቻ ላይ በ94፣ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 82 ዲግሪ ላይ መከፈት የሚጀምር ቴርሞስታት ጨርሶ የሚከፈተው ደግሞ 95 ገደማ ሲደርስ ነው። እንግዲህ አስሉት፦ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ በሚሠራበት ሙቀት፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ደሴ ላይ ውሃው መፍላቱ አይቀርም። 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር የተጻፈበት ክዳን በደንብ ከያዘ መፍያው ወደ 114 ዲግሪ ይወጣል። ቆላ ላይ ያልታወቀ የላላ ክዳን እዚህ ሲመጣ የሚጋለጠው ለዚህ ነው።

ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ክዳኑን አውጡና ገልብጡት። የታችኛው ላስቲክ ተሰነጣጥቆ ወይም የራዲያተሩ አፍ ቅርጽ ጠልቆ ታትሞበት ከሆነ ጣሉት። መሀሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በጥፍራችሁ ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ፈጥና መመለስ አለባት። ይህች ቫልቭ ከደረቀች ሞተሩ ሲቀዝቅዝ ከትርፍ ውሃ መያዣው ውሃ መመለስ ያቅታታል፤ ጠዋት ኮፈኑን ስትከፍቱ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ተጨፍልቆ ታገኙታላችሁ። ሰው ቱቦውን ይቀይራል፤ ጥፋቱ የክዳኑ ነው። «ከፍ ያለ ይሻላል» ተብሎ 1.1 ክዳን አሮጌ ራዲያተር ላይ መግጠምም ልክ አይደለም፤ የተበየደውን ስፌት ይከፍተዋል።

መቼ እንደምትጋል ለዩ

ደሴ ፒያሳ መጨናነቅ ውስጥ ቆማ እየጋለች መንገድ ሲለቀቅላት የምትቀዘቅዝ ከሆነ የአየር ችግር ነው። ሩጫው የሚሰጠውን አየር ፋኑ አልተካም ማለት ነው። የሞተሩን ፋን አውጥተው በኤሌክትሪክ የቀየሩት ብዙ ስለሆኑ፣ መጀመሪያ አቅጣጫውን አረጋግጡ። ፋኑ እየሠራ አንድ የደብተር ወረቀት በራዲያተሩ ፊት ለፊት ያዙና ልቀቁት። ከራዲያተሩ ጋር ተጣብቆ መቅረት አለበት። ከተገፋና ከወደቀ ሽቦው ተገልብጦ ታስሯል፤ ፋኑ ወደፊት እየነፋ ከሚመጣው አየር ጋር ይታገላል። ወረቀቱ መሀል ላይ ተጣብቆ ጠርዝ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ከለላው የለም ማለት ነው። ያ ጥቁር ፕላስቲክ ለውበት የተቀመጠ አይደለም፤ ፋኑ አየሩን በሙሉው ራዲያተር በኩል እንዲስብ የሚያደርገው እሱ ነው። ካላገኛችሁ ከቆርቆሮ አሠሩት፤ ከፋኑ ጫፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ።

ከተማ ውስጥ ደህና ሆና ዳገት ላይ ብቻ የምትጋል ከሆነ ፋኑን ተዉት። የውሃው ዝውውር ነው፣ ወይም የማቃጠያው ሰዓት ዘግይቷል። ሞተሩ ጠፍቶ ፋኑ መቆሙን ካረጋገጣችሁ በኋላ የራዲያተሩን ገጽታ ከላይ እስከ ታች በእጃችሁ ዳስሱ። አንዱ ቦታ ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛው ክፍል ተደፍኗል። ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ብቻ ሲሞላበት የኖረ ራዲያተር ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል፤ ያ ቅርፊት በውሃ ብቻ አይታጠብም፣ ወርዶ በዘንግ መጠረግ አለበት። የውሃ ፓምፑን የሚያዞረውን ቺንጋም (ቀበቶ) ተጫኑት፤ በሁለቱ ፑሊዎች መካከል በአውራ ጣት ስትጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ መግባት ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የሚላላ ከሆነ ዳገት ላይ በፓምፑ ፑሊ ላይ ይንሸራተታል። ሐረጎን ደግሞ በሁለተኛ ማርሽ ውጡ። በሦስተኛ እየጎተቱ መውጣት ፓምፑንም የሞተሩን ፋንም ያዘገያል፤ ነዳጅ ያተረፈ የሚመስለው ሾፌር ሙቀቱን እያመረተ ነው።

ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ጌጁ ወደ ብርድ የሚወድቅ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ወይም ጭራሽ የለም። «ይቀዝቅዝላት» ብሎ ቴርሞስታት መጣል ደሴ ላይ መጥፎ ልማድ ነው። በጦሳ ተራራ ብርድ ሞተሩ ሙቀቱን ሳይዝ ይሠራል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ሲሊንደሩም ይበላል።

ቴርሞስታት በድስት ውሃ መፈተን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከፍታው ግን እዚህም ያታልላል። የደሴ ድስት ከ92 ዲግሪ በላይ አይሞቅም። 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት ሲፈላ ግማሽ ያህል ብቻ ቢከፈት ጤነኛ ነው፤ መጣል የለበትም። 88 የተጻፈበት ከሆነ ትንሽ ብቻ ነው የሚላቀቀው። ሲፈላ ምንም ያልነቃነቀውን ወይም ከድስቱ ወጥቶ ሲቀዝቅዝ ያልተዘጋውን ግን ቀይሩት።

ሁለቱም ጌጆች፣ የነዳጁም የሙቀቱም፣ አንድ ላይ ከፍ ካሉ ሞተሩን አትንኩ፤ የጌጆቹ ቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ነው። መብራት ስታበሩ ሙቀቱ የሚዘል ከሆነ የመሬት ሽቦው ላልቷል።

ጓርኒሲዮን ነው ወይስ አይደለም?

ሞተሩ ጨርሶ ቀዝቅዞ ክዳኑን ክፈቱና አስነሱ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ይወጣል፤ የታመቀ አየር ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላም ሳያቋርጥ አረፋ የሚፈላ ከሆነና ነዳጅ ሲሰጣት የሚጨምር ከሆነ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ አሁን ቴስታታው ይውረድ። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ማየት ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ከመናፈሻ ፒያሳ እያሉ አጭር አጭር የሚነዱ መኪኖች በብርዱ ጊዜ ይህን ያሳያሉ። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጡ፤ ዘንጉ ላይም ወተት ከታየ ያኔ ስጉ።

ውሃ ከቀየራችሁ በኋላ አየር ማስወጣት አትርሱ። ደሴ ለዚህ ምቹ ናት፦ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ዳገቱ አቁሙ፣ ታኮ አድርጉ፣ የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ ክዳኑን ሳትዘጉ አስነሱና ግማሽ ኩላንት ግማሽ ንጹህ ውሃ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ሙሉ። የላይኛው ቱቦ እስኪሞቅና ውሃው መውረዱን እስኪያቆም ጠብቁ። ደሴ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ረጅም ከጠበቃችሁ ውሃው ራሱ መፍላት ይጀምራል፤ ፍላቱን ከአረፋ ጋር አታምታቱት፣ ቱቦው እንደሞቀ ክዳኑን ዝጉ።

መንገድ ላይ ከጋለች ማሞቂያውን ከፍታችሁ ዳር ያዙ። እንፋሎት እየወጣ ከሆነ ወዲያው አጥፉ። ክዳኑን አትንኩ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ የአሉሚኒየሙን ቴስታታ ይጠመዝዘዋል፤ ያልነበረውን የጓርኒሲዮን ችግር የሚወልደው ይህ ነው።

ቸርኬው

የዚህች መኪና ቸርኬ ባለ አራት ብሎን ሲሆን ትይዩ በሆኑ ሁለት ብሎኖች መሀል ለመሀል 114.3 ሚሊ ሜትር ይለካል። ከፊት የምትጎትተው ቀጣይ ኮሮላ 100 ሚሊ ሜትር ናት። ሁለቱም አራት ብሎን ስለሆኑ ሰው ያምታታል። ቀዳዳ በመብሳትና በማስፋት የተገጠመ ቸርኬ ካያችሁ ዋጋ አትደራደሩበት፤ ይውጣ።

ዳዶው 12 በ1.5 ነው (12 ሚሊ ሜትር የብሎኑ ውፍረት፣ 1.5 ሚሊ ሜትር የጥርሶቹ ርቀት)። አቀማመጡን ግን ተመልከቱ፦ የቶዮታ የራሱ አሎይ ቸርኬ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ዳዶ ይጠቀማል፣ ከገበያ የሚገዛው አብዛኛው ደግሞ ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋል። ጠፍጣፋውን በሾጣጣ ቀዳዳ ላይ ካሰራችሁ የጠበቀ ይመስላል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። በእጅ ስታስገቡት ቢያንስ ሰባት ስምንት ዙር መግባት አለበት፤ ስፔሰር (ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚያርቅ ቁራጭ) የተደረገባቸው ላይ ይህ ነው የሚጎድለው። ማጥበቂያው 100 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። መለኪያ ቁልፍ ከሌላችሁ 40 ሴንቲ ሜትር እጀታ ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 25 ኪሎ ያህል ጉልበት ይበቃል፤ በላዩ ቆሞ መዝለል ብሎኑን ይቆርጠዋል። 50 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ።

መሪው ከ80 በላይ ስትነዱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ለባላንስ ከመክፈላችሁ በፊት የቸርኬውን ውስጥ እጠቡ። በክረምት ዋልካ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይደርቅና ግማሽ ኪሎ ሸክም ይሆናል። ታጥቦና ባላንስ ሆኖም ካልተወው፣ የቸርኬው የመሀል ቀዳዳ ከመኪናዋ እምብርት ሰፍቶ ይሆናል። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ያስፈልገዋል፤ ያ እስኪገኝ ጎማውን አንስታችሁ፣ ዳዶዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል ጥቂት በጥቂት አጥብቁ።

መንቀጥቀጡ ፍሬን ስትይዙ ብቻ፣ በተለይ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ዲስኩ ነው። ስትቆሙ በየቸርኬው ላይ ጥቂት ውሃ ረጩ፤ አንዱ ብቻ ቸስ ካለ ካሊፐሩ (ዲስኩን ጨብጦ የሚይዘው የፍሬን ክፍል) አልለቀቀም። ከፍጥነት ጋር የሚጨምርና መሪውን ወደ አንድ ጎን ስታዞሩ የሚለወጥ ጉርምርምታ የኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ነው፤ ወደ ግራ ስትታጠፉ ከበረታ ቀኙን ፈትሹ። የፊት ኩሽኔታዋ በማስተካከል ይሠራል፦ ጎማውን እያሽከረከራችሁ ዳዶውን ወደ 30 ኒውተን ሜትር አጥብቁ፣ አላሉት፣ ከዚያ በእጅ ብቻ መልሳችሁ አጥብቁና አዲስ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግድ ፒን) አስገቡ። አሮጌውን ኮፒሊያ አቃንቶ መመለስ አይገባም።

ወደ አንድ ጎን የምትስብ ከሆነ የፊት ሁለቱን ጎማዎች ቦታ አለዋውጡ። መሳቡ ጎን ከቀየረ ጎማው ነው፤ ካልቀየረ ወደ አላይመንት ሂዱ።

ሰኞ ባቲ ገበያ ሄዳችሁ ወይም ወደ ሚሌ ወርዳችሁ ነፋስ ስታስለኩ መለኪያው ያደናግራችኋል። ደሴ ላይ ጠዋት 30 ፒኤስአይ የሞላችሁት ጎማ ሚሌ ሲደርስ በከፍታው ልዩነት ብቻ 3 ያህል ይቀንሳል፣ የቆላው ሙቀት ደግሞ በየ10 ዲግሪው 1.5 ገደማ ይመልስለታል። ጎማው ራሱ በሩጫ ሲሞቅ ተጨማሪ ይወጣል። ስለዚህ ትኩስ ጎማ ከፍ ብሏል ብላችሁ ነፋስ አታስወጡ፤ አድሮ ሲቀዘቅዝ፣ ያደራችሁበት ቦታ ላይ ለኩት።