ቪሉክአፕ ሲያሳስት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁለት ሺት አለዎት እንበል። አንዱ ከኤች አር የመጣ የሠራተኞች ዝርዝር፣ ሌላው ፔሮል። ደመወዙን ከአንዱ ወደ ሌላው ለማምጣት ኤክሴል ላይ ቪሉክአፕ (VLOOKUP) የሚባለውን ፎርሙላ ይጽፋሉ። «ኤን/ኤ» (አላገኘሁም) ብሎ ቢመልስ ቢያንስ ችግር እንዳለ ያውቃሉ። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ሲያመጣ ነው።

መጨረሻውን ሳይሞሉ መተው። ቪሉክአፕ አራት ነገር ይጠይቃል፦ ምን ልፈልግ? የት ልፈልግ? ከስንተኛው ኮለም ላምጣ? ልክ ያንኑ ነው ወይስ የተጠጋውን? አራተኛውን ካልነገሩት «የተጠጋውን» ብሎ ይወስደዋል። ዝርዝሩ በቅደም ተከተል ካልተደረደረ የአልማዝን ደመወዝ ለአበራ ሊሰጥ ይችላል፣ ያውም ያለምንም ማስጠንቀቂያ። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ፎልስ ወይም 0 ይጻፉ። «የተጠጋው» የሚጠቅመው እንደ ደመወዝ ግብር እርከን ላለ ሥራ ነው። እዚያም መነሻ ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር አለባቸው።

በስም ማገናኘት። ይሄ እኛ ጋ የራሱ ጣጣ አለው። ኤች አር «ኃይሉ»፣ ፋይናንስ «ሀይሉ» ብለው ከጻፉ ለእኛ ያው አንድ ሰው ነው። ለኤክሴል ግን «ኃ» እና «ሀ» ምንም አይገናኙም። ፀሐይና ጸሀይ፣ ገ/ማርያምና ገብረማርያም፣ ሁሉም እንደዚያው። አንዱ ጸሐፊ በስምና በአባት ስም መሀል ክፍት ቦታ፣ ሌላው ሁለት ነጥብ (፡) ካደረገም አለቀ። የባሰው ደግሞ ሞክሼ ነው፦ በአባት ስም ጭምር የሚመሳሰሉ ሁለት ሠራተኞች ካሉ ቪሉክአፕ መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ይቆማል። ለሁለቱም የመጀመሪያውን ሰው ደመወዝ ይሰጣል። የሠራተኛ መለያ ቁጥር ወይም ቲን እያለ በስም መድከም አያስፈልግም።

ቁጥር የሚመስል ጽሑፍ። መለያ ቁጥሩም አንዱ ሺት ላይ እንደ ቁጥር፣ ሌላው ላይ እንደ ጽሑፍ ከተቀመጠ አይገናኝም። ዓይን ላይ ግን ልዩነቱ ቶሎ አይታይም። አሰላለፉን ካልነካኩት ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። ከጽሑፍ ወደ ቁጥር ለመቀየር ቫልዩን፣ ትርፍ ክፍት ቦታ ለማጥፋት ትሪምን ይጠቀሙ። በ09 የሚጀምር ስልክ ከሆነ ግን ተቃራኒውን ያድርጉ፦ ሁለቱንም ጽሑፍ ያድርጓቸው፤ አለበለዚያ የፊተኛዋ 0 ትጠፋለች።

የዶላር ምልክቱን መርሳት። ፎርሙላውን ወደ ታች ሲጎትቱት የሚፈለግበት ሠንጠረዥም አብሮ ይወርዳል፤ ላይኞቹ ሰዎች ከፍለጋው ይወጣሉ። ፎርሙላው ውስጥ ሠንጠረዡን መርጠው ኤፍ 4ን መጫን ይበቃል፤ የዶላር ምልክት ($) ይገባና ሠንጠረዡ ባለበት ይቆያል።

ስህተቱን በ0 መሸፈን። ኢፍኤረር አስገብተው «ካጣኸው 0 በል» ካሉት ሺቱ ያምራል፣ ሠራተኛው ግን ደመወዝ ሳያገኝ ይቀራል። በ0 ፋንታ «አልተገኘም» ያስብሉት።

ኮለም መቆጠሩን መዘንጋት። «ከ4ኛው አምጣ» ብለው ከጻፉ በኋላ አንድ ሰው መሀል ላይ አዲስ ኮለም ቢያስገባ፣ ደመወዝ በነበረበት የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሊመጣ ይችላል። ኤክስሉክአፕ (XLOOKUP) የሚባለው አዲሱ ፎርሙላ ከዚህ ይገላግላል። ካልቀየሩት በስተቀር የሚፈልገውም ልክ ያንኑ ነው። ኤክሴል 2016 እና 2019 ላይ ግን የለም። ፋይሉ እንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር ወዳለበት ቢሮ የሚሄድ ከሆነ ኢንዴክስና ማች የሚባሉትን ፎርሙላዎች አጣምረው ይሥሩበት።